ነቄ

የኢትዮጵያ ሚሊኒየም በተከበረበት በ2000 ዓ.ም. እኔ ዲግሪ ይዤ፣ ሥራ ግን ሳልይዝ፣ ከሰዓት በኋላዬን ሠራተኛ ሰፈር በምትገኝ አንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ አሳልፍ ነበር። ክፍሏ የአንድ ጓደኛችን እናት ግቢ ውስጥ ያለች ስትሆን ግድግዳዋን ተከትሎ ፍራሽ ተነጥፎባታል፤ መሐል ላይ ገራባ የሚጣልበት አሮጌ ጋዜጣ፣ የውሃ ፕላስቲኮችና አንድ ሰሐን ለውዝ አይጠፉም። ስምንት ሰዓት ላይ ጫታችንን ይዘን ስንገባ ዝምተኞች፣ ትንሽም የምናፍር ልጆች ነን፤ ዐሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ዓለምን በስውር ማን እንደሚገዛት እናውቃለን፤ ዐሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ደግሞ ኢትዮጵያን በዐሥር ዓመት ውስጥ ከድህነት የምናወጣበትን ዕቅድ ከነበጀቱ ጨርሰናል። ከዚያ ምርቃናው ይበርዳል፤ ጨብሲ የሚጋብዝ ሰው ከተገኘ ወደ ድራፍት ቤት እንወርዳለን፣ ካልተገኘም እያንዳንዳችን ወደ እናታችን ቤት እንበታተናለን።

ያቺን ክፍል ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ስልኩን አቀረበልኝ። አንድ ፊቱ የማይታይ ሰው፣ ከበስተጀርባው በሚያስፈራ ሙዚቃ ታጅቦ፣ ጦርነቱም በሽታውም የኑሮ ውድነቱም በጥቂት ቤተሰቦች አስቀድሞ የታቀደ መሆኑን ያስረዳል። ቪዲዮው ሲያልቅ ሌላ ራሱን ተከትሎ መጣ፤ በዚህኛው አንድ ጎረምሳ ነጭ መኪና ተደግፎ በፎሬክስ፣ በውጭ ምንዛሬ ንግድ፣ በስድስት ወር ከድህነት ነፃ እንደሚያወጣን ቃል ይገባል። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ትኩረት ተመለከታቸው። «ጋሼ፣ ይህን ታውቅ ነበር?» አለኝ። እንግዲህ እኔም ጋሼ ሆኛለሁ። አውቅ ነበር፤ ምናልባትም ከእሱ አብልጬ።

በሰርቪሷ ውስጥ ከነበርነው መካከል አንዱን «ፕሮፍ» እያልን እንጠራው ነበር። አንድ ቀን ፕሮፍ ከትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ሳይታጠፍ የተቀመጠ ባለ አንድ ዶላር ኖት አወጣ። ዋሽንግተን የምትኖር አክስቱ ለጥምቀት መጥታ በነበረ ጊዜ ለመታሰቢያ የሰጠችው ነው። ጀርባውን ገልብጦ ጫፉ የተቆረጠውን ፒራሚድና ከላዩ ያለችውን ዐይን አሳየን፤ ከዚያም ከፒራሚዱ ሥር ያሉትን ጥቃቅን የሮማውያን ፊደላት በጥፍሩ እየነካ ደመራቸው። ሺህ፣ አምስት መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሃምሳ፣ ሃያ፣ ስድስት። «1776» አለ፤ «ዓለምን በስውር የሚገዛው ኢሉሚናቲ የተመሠረተበት ዓመት ነው። ገባችሁ?» ኖቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዐይኗን በአውራ ጣቴ ዳበስኳት፤ የወረቀቱ ሻካራነት እንኳ ምስጢር ያለው መሰለኝ። ያን ዕለት ማታ የታክሲ ስላልነበረኝ ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ፈርቼ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራ ውለው የሚመለሱትን፣ ቦርሳ ያንጠለጠሉትን፣ ለልጆቻቸው ዳቦ የገዙትን ሰዎች በሐዘኔታ እያየሁ አለፍኳቸው። ምንም አያውቁማ።

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ቋንቋ ሰው በሁለት ይከፈል ነበር፤ ነቄና ፋራ። ነቄ የነቃ፣ የገባው፣ የማይሸወድ ሰው ነው። ፋራ ደግሞ ትናንት ከገጠር እንደመጣ ሁሉ የነገሩትን የሚያምን ነው። (ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን በቀን በዚያች ክፍል ተኝተን ቢያዩን ስሙን ለማን እንደሚሰጡት አያጠራጥርም።) ደመወዝ፣ ቤትና ትዳር ለሌለው የሃያ ሦስት ዓመት ወንድ ነቄነት የቀረችው ብቸኛ ማዕረግ ናት። ፈተና አይጠየቅባትም፣ የሥራ ልምድ አይጠየቅባትም፣ ማንም አለቃ አይሽራትም፤ እንዲያውም የተማረ ሰው ሲቃወማት ትጠነክራለች፣ የተቃወመው ሰው ወይ ፋራ ነው ወይ ከእነሱ ጋር ነው ማለት ነውና። የሴራ ወሬ ወጣት ወንዶችን የሚስበው ስለሚያስፈራቸው ወይም ስለሚያስቆጣቸው ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የሳበኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ፈትነት ወደ ምስጢር ጠባቂነት ማደጌ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ ጫቱም ጓደኝነቱም ካለፈ በኋላ፣ የዚያን ቁጥር ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። በዶላሩ ላይ ያለው 1776 አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበት ዓመት ነው። ፒራሚዱና ዐይኗ እ.ኤ.አ. በ1782 በጸደቀው የአገሪቱ ማኅተም ጀርባ ላይ የነበሩ ሲሆኑ፣ በአንድ ዶላር ኖት ላይ የታተሙት ከዚያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተው በ1935 ነው። ይሁን እንጂ ኢሉሚናቲ የሚባል ማኅበርም በእርግጥ ነበረ፤ የተመሠረተውም ልክ ፕሮፍ እንዳለው በ1776፣ ባቫሪያ ውስጥ ኢንጎልሽታት በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። መሥራቹ አዳም ቫይስሃውፕት የሕግ መምህር ሲሆን ዕድሜው 28 ነበር፤ አብረውት የጀመሩት በጣት የሚቆጠሩ ተማሪዎች ናቸው። ለየራሳቸው የምስጢር ስም አወጡ፤ እሱ ስፓርታከስ ተባለ። የሚኖሩባቸውን ከተሞች ሳይቀር በጥንታውያን ስሞች ለወጧቸው። የሚያልሙት ሰው ያለ ንጉሥና ያለ ካህን፣ በአእምሮው ብቻ የሚመራበትን ዓለም ነበር። ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የባቫሪያው ገዥ ካርል ቴዎዶር ማኅበሩን አገደው፤ የተያዙት ደብዳቤዎቻቸውም በመንግሥት ታትመው ለማንም አንባቢ ወጡ።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠን የፈራናቸው የዓለም ስውር ገዥዎች እኛው ራሳችን ነበርን፤ በር ዘግተው ዓለምን እንደ አዲስ የሚሠሩ የሃያዎቹ ዕድሜ ወንዶች። እስከዚያ ድረስ የሴራ ወሬና የምድር ገነት ሕልም በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ብቻ ይዘው የሚመጡት በምርቃናው ምክንያት ይመስለኝ ነበር። አሁን መንትዮች መሆናቸውን አምናለሁ። አንደኛው ሁሉም ነገር በእነሱ ታቅዷል ይላል፣ ሌላኛው ሁሉም ነገር በእኛ ሊታቀድ ይችላል ይላል፤ ሁለቱም ግን ይህች ዓለም በአብዛኛው በቸልታ፣ በስንፍናና በአጋጣሚ የምትንከላወስ መሆኗን አይቀበሉም። ክፉ አለቃ ያለባትን ዓለም መጥላት ይቻላል፣ መታገልም ይቻላል። አለቃ የሌላትን ዓለም ግን ምን ያደርጓታል? በተለይ ጉልበት ሞልቶት የሚውልበት ቦታ ያጣ ሰው?

«ነቃ» የሚለውን ግሥ ከእኛ በፊት ሌላ ትውልድ አብዝቶ ተጠቅሞበታል። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው ዐሥራ ሰባት ነበር። የተላኩትም ሰፊውን ሕዝብ ለማንቃት፣ ለማደራጀት ነው። «እኛ ልናነቃው የሄድነው ገበሬ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ በሬውን ይዞ ይወጣል፤ እኛ የምንነቃው ሁለት ሰዓት ላይ ነው» እያሉ ዛሬም ይስቃሉ። ሣቃቸው ግን ብዙ አይቆይም፣ የቀረውን ታሪክ ስለሚያውቁት። ከዘመቻው ተመልሰው ከድርጅት ገቡ፤ የድርጅት ስም ተሰጣቸው፤ ከአምስት ሰው በላይ በማይተዋወቅበት ሴል ውስጥ ሆነው በሌሊት ወረቀት በተኑ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከዚያ ሴል ውስጥ የተረፉት እሳቸውና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ናቸው።

በአንድ ወቅት በዚያን ዘመን ስለነበረው ቋንቋ አጥብቄ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ላይ ቃላቱ ሁሉ ወደፊት የሚያዩ ነበሩ አሉኝ፤ እኩልነት፣ መሬት ላራሹ፣ አዲሲቱ ኢትዮጵያ። ከዓመት በኋላ ግን ስብሰባው ሁሉ ሰርጎ ገብ፣ አድኃሪ፣ ባንዳ፣ አናርኪስት ሆነ። ይህ በአንድ ወገን ብቻ የታየ አልነበረም፤ መንግሥት ድርጅቶቹን፣ ድርጅቶቹ እርስ በርሳቸው፣ በመጨረሻም የአንድ ሴል አባላት ጓዶቻቸውን በዚሁ ዐይን ተያዩ። «ገነት በቀጠሮዋ ካልመጣች» አሉኝ፣ «አንድ ሰው መንገድ ላይ ይዟታል ማለት ነዋ!» ስለ ሴራና ስለ ሕልም ዝምድና ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል የገባኝ የለም። ሕልሙ ራሱ ስሕተት ነበር እንዳይባል ሴረኛው መገኘት አለበት፤ ካልተገኘም ይፈጠራል።

ታዲያ እንዴት አመናችሁት ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ያልጠበቅሁት ነበር። ስለ ማመን ብዙ እንዳላሰቡበት ነገሩኝ። «አንድ ማታ አንድ ሰው መጣና ይህን ወረቀት ሳይነጋ መርካቶ ማድረስ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ አለኝ። አባቴ እስከዚያች ቀን ድረስ የሱቁን ቁልፍ እንኳ አምኖ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።»

ያን ቁልፍ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ከአባቱ ቤት እስኪወጣ ድረስ ብዙ ነገር ይጠበቅበታል፣ ግን በእጁ የሚሰጠው ነገር የለም። ቤተሰብ ያስተዳድራል ተብሎ ያድጋል፤ የሚያስተዳድረው እስኪያገኝ ድረስ ደግሞ በቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ነው፣ ምሳ ቀርቦለት ይበላል፣ ይወጣል። ያን ጊዜ ታናሽ እህቴም እንደ እኔ ሥራ አልነበራትም። እሷ ግን ከንጋት ጀምሮ ተፈላጊ ነበረች፤ ውሃው በመጣበት ሰዓት በርሜሉን የምትሞላ፣ የታመመችውን አያታችንን የምታጥብ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላ እሷ ነበረች። ያ ሁሉ የማይከፈልበት፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነውና ያላግባብ ነበር፤ ሆኖም ዓለምን ማን እንደሚገዛት ለማወቅ ትርፍ ጊዜም ሆነ ትርፍ ጉጉት አልተወላትም። የዶላሩን ምስጢር በስንት ጉጉት ስነግራት፣ በጆሮዋ እያዳመጠችኝ በእጇ ሽሮ እየነፋች፣ «እነሱ ናቸው ዘይት ያስወደዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥራ ፈትቶ የመዋል መብት ለወንዶቹ ብቻ የተሰጠበት ቤት ምስጢር ፈላጊዎቹም ወንዶቹ ይሆናሉ። ሴቶች ከዚህ ነፃ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በአጎቴ ሴል ውስጥ ከነበሩት አምስት ሰዎች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፣ ሁለቱም ተገድለዋል።

አንድ ነገር ግን በፍጥነት ማለፍ አልችልም። ለኢትዮጵያዊ ወጣት ሴራ የሚባል ነገር የለም ብሎ መስበክ ውሸት ነው። በየትምህርት ቤቱ የተማርነው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ምን ነበር? በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር የሚል የተፈረመ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን አገራችንን በጥቅም ክልል ተከፋፍለው ተፈራርመዋል። በ1935 መጨረሻ፣ የፋሺስት ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ በኋላ፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ በዝግ ክፍል ውስጥ አዘጋጅተዋል። እንግዲህ ፕሮፍ ሴራ አለ ሲል ታሪክ ከጎኑ ነበር።

ነገር ግን እነዚህን እውነተኛ ሴራዎች ቀረብ ብሎ ላያቸው ከሰርቪሷ ሴራዎች ጋር አይመሳሰሉም። የሆርና የላቫል ዕቅድ በቀናት ውስጥ በፈረንሳይ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆር በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። የውጫሌው አንቀጽ ተንኮል ከታወቀ በኋላ አጼ ምኒልክ ውሉን አፈረሱት፣ ነገሩም አድዋ ላይ አለቀ። እውነተኛ ሴራ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ የሚያፍር ሚኒስትር አለው፤ ሴረኞቹ ይጣላሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይሸነፋሉ። ሁሉን ቻይ ሴረኛ ያለው በእኛ ወሬ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲታሰብም አምላክን ይመስላል። ምናልባት ይህ አያስደንቅ ይሆናል። ስለ መጨረሻው ዘመን የሚተነብየውን ፍካሬ ኢየሱስን የሰማ አገር ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መስማት ለምዷል፤ መጀመሪያ ዓለም ተገለባብጣ ክፉዎች ይነግሣሉ፣ ከዚያም ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ መጥቶ በሰላምና በጥጋብ ይገዛል። ቋረኛው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ያን ስም የመረጠው በከንቱ አይደለም። ነገር በተበላሸ ቁጥር የምንጠራው ስምንተኛው ሺህም ቢሆን፣ አባቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጥሩት 5500 ዓመት ካሰላነው፣ የገባው ገና በ1501 ዓ.ም. ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ መጨረሻው ላይ ነን ማለት ነው።

ከተነሣ ዘንድ፣ በዐይኔ ያየሁት አንድ የተሳካ ሕልም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ፣ ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ የምትገኘውን አውራ አምባን ጎበኘሁ። ዙምራ ኑሩና ተከታዮቻቸው በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ይህች ማኅበረሰብ ሴትና ወንድ በሥራ የማይለያዩባት፣ አረጋውያን በጋራ የሚጦሩባት መንደር ናት። እኔ የሄድኩት እንደ ተለመደው ራእይ ለመስማት ነበር፤ ያየሁት ግን ሸማ የሚሠሩ ወንዶችና ሴቶችን፣ አንድ ወፍጮና ስለ ወፍጮው ጥገና የሚነጋገሩ ሰዎችን ነው። አንድ ሸማኔ ጥያቄዬን ሲመልስልኝ እጁ አልቆመም፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለስ ነበር። ዙምራ ተማሪም ካድሬም አልነበሩም፤ ገበሬ ነበሩ፣ የሚነገርላቸውም በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እኩል እርሻ ውላ የምትመለስ እናታቸው ለምን ማታ ለብቻዋ እንደምትሠራ መጠየቃቸው ነው። ጥያቄው ከቤት የተነሣ ስለሆነ ይመስለኛል መልሱም ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ የሆነው። እውነቱን ለመናገር በሃያ ሦስት ዓመቴ ባየው ኖሮ አውራ አምባ አሰልቺ ይሆንብኝ ነበር። ጠላት የለበትም፣ ምስጢር የለበትም፣ ድል የሚባል ቀን የለበትም። ያኔ የምፈልገው ፈረስ ላይ የሚያስቀምጠኝን ሕልም እንጂ ጥጥ የሚያስፈትለኝን አልነበረም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእሱ ተራ የመጣው ከዚያ በኋላ ቢሆንም ከሚቀሩት ጋር ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ጊዜ ኮምፒዩተር ጀምሮ ተወው፣ አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ሞባይል ጥገና ሊከፍቱ ነበር። እናቱ፣ ያቺ ሽሮ ስትነፋ የነበረችው እህቴ፣ «ስልኩን ልቀማው ወይ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ቢቀማስ በምኑ ሊተካለት? እንደ እሱ ያለ ልጅ ከሁለት ወገን ሁለት ዓይነት መልእክት ይሰማል። የፈተናው ውጤት አታስፈልግም ይለዋል፤ ስልኩ ደግሞ አንተ ከነቁት ጥቂቶች አንዱ ነህ ይለዋል። የትኛውን ደጋግሞ ይከፍታል?

እሑድ ዕለት ስለ ኢንጎልሽታት ነገርኩት፣ ስለ ሆርና ላቫል ነገርኩት። በትሕትና ሰማኝ፤ በዐይኑ ግን ያ በመንገድ ላይ ሰዎችን ያየሁበት ሐዘኔታ ነበር። በመጨረሻ «አንተ ግን እንዴት ተውከው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። ያኔ የትኛውም ማስረጃ አላሳመነኝም። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ በታይም ኪፐርነት ተቀጠርኩ። የታሪክ ዲግሪ ይዤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቀን ሠራተኞች ስም እጠራለሁ፣ ማታ ሰዓታቸውን መዝግቤ አስፈርማለሁ። ሲሚንቶው ሲመጣ አሸዋው አይኖርም፣ አሸዋው ሲመጣ የሎደሩ ሹፌር ለለቅሶ ሄዷል፣ ሹፌሩ ሲመለስ የነዳጅ ማደያው ቁልፍ የያዘው ሰው አይገኝም። መሐንዲሱ፣ ፎርማኑና ሱፐርቫይዘሩ ሦስቱም ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ሦስቱም አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ጠጠር በአንድ ወር ማስነጠፍ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎች ተስማምተው መላውን ዓለም ያለ አንዳች ስሕተት ይመሩታል የሚለውን ነገር ማመን ከበደኝ። ደግሞም ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ወደ ክፍሏ መሄጃ ጊዜ አልነበረኝም። የመጋዘኑንም ቁልፍ ሰጥተውኝ ነበር፤ በቀይ ክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እዞር ነበር።

የእህቴ ልጅ ሣቀ፤ ስለ ሎደሩ ሹፌር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠውና ትንሽ ቆይቶ፣

«ጋሼ፣ እዚያ ፕሮጀክት አሁንም ሰው ይቀጥራሉ?» አለኝ።

መንገዱ ካለቀ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል።